ከፍተኛ እጥረት

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ በእንግሊዝኛ ድርሰት ውስጥ የአጎቴን ቁመት «ሃይ» ብዬ ጽፌ ቀይ ቀለም ወረደብኝ። ሰው «ቶል» ነው እንጂ «ሃይ» አይባልም ተባልሁ። «ሃይ» የሚባለው ተራራ ነው፤ ዛፍና ፎቅ ወደ «ቶል» ያደላሉ። እኛ «ረጅም» በሚለው አንድ ቃል ሰውንም፣ ባሕር ዛፍንም፣ ከመራዊ ቡሬ የሚያደርሰውን መንገድም፣ ዕድሜንም ስለምንጠራበት ብሳሳት የሚፈረድብኝ አይመስለኝም።

«ሎፍቲ» የሚሉት ደግሞ አለ። ለተራራ፣ ለታላቅ ሐሳብ፣ እንዲሁም ልቡ ላበጠ ትዕቢተኛ ይነገራል። እኛ ግን ይህንንም ያንንም «ከፍተኛ» ብለን ደብተራችን ላይ ጽፈን እናልፋለን። ሙገሳው ከነቀፋው ሳይለይ ይቀራል።

ወንድሞችና እህቶች፣ ነገሩ በደብተር ቢቀር ባልጻፍሁ ነበር። ባለፈው ክረምት መራዊ አጠገብ ካጎቴ ጋር ቁጭ ብለን ሬዲዮ ስንሰማ፣ ዜና አንባቢው «ከፍተኛ የማዳበሪያ እጥረት» አለ።

«አንተ የተማርኸው፣ እጥረት ማለት ማጠር አይደለም እንዴ? ያጠረ ነገር እንዴት ከፍ ይላል?» አለኝ አጎቴ።

ሣቅሁ። እርሱ አልሣቀም። በቆሎው ማዳበሪያ ይጠብቃል፤ ዝናቡ ግን ማንንም አይጠብቅም። «ስንት ኩንታል ጐደለ? ለእኛ ቀበሌስ ይደርሳል ወይስ አይደርስም?» ብሎ ጠየቀኝ። ሬዲዮው ወደ ሌላ ወሬ አልፎ ነበር፤ እኔም የምመልሰው አጣሁ።

ቃሉ በማዕረግ ቦታ ሲገባ አልጣላውም። ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከመጀመሪያ ደረጃው በላይ፣ ከጠቅላዩ በታች መሆኑን ሁላችን እናውቃለን፤ ስፍራው የተለየ ነው። የጮቄ ተራራም ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከፍተኛ ቢባል ማንም አይከራከርም፤ ሜትሩ ይመሰክርለታል። ከፍተኛ ችግር፣ ከፍተኛ ቅናሽ፣ ከፍተኛ ርብርብ ሲባል ግን የሚመሰክር የለም። ተናጋሪው ልኩን ስላላወቀ፣ ወይም ዐውቆ ሊናገር ስላልፈለገ፣ ቃሉን እንደ ጋቢ ይደርብበታል። የመራዊ ገበሬ «ማዳበሪያ ጠፋ» ሲል ይገባኛል፤ «ለሁለት ጥማድ የሚሆን አጣሁ» ሲል ደግሞ ምን ያህል እንደ ጐደለው ዐውቃለሁ።

እኛስ? በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ «በመኝታ ቤቶች ከፍተኛ የውኃ ችግር ስላለ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ሰነበተ። የጻፍነው እኛው ተማሪዎች ነን። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ስንት ተማሪ ስንት ቧንቧ እንደሚጋራ አንድ ቍጥር አልሰፈረበትም። አቤቱታውን የተቀበለውም ሹም «ከፍተኛ ትኵረት ተሰጥቶታል» ብሎ መለሰልን። በገዛ ቃላችን ስለ መለሰልን ልንቈጣው አንችልም። ወረቀቱን አንሥተን፣ ቧንቧዎቹን ቈጥረን እንደገና እንጻፈው፤ እኔ የሁለተኛውን ፎቅ እቈጥራለሁ።