ሁለት ትኬት፣ ሦስት ሰው

የዛሬው ጉድ የራሴ ነው።

ጥር 2017 ዓ.ም. ለማህሙድ አህመድ የስንብት ኮንሰርት ሁለት ትኬት ገዛሁ። አንዱ የእኔ፣ ሌላው የፍቅረኛዬ። ታዲያ አባቴ ከሐይቅ ደወሉልኝ። «ማህሙድ ሊሰናበት ነው አሉ፤ እውነት ነው?» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም።

ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ጠዋት ለልጅቷ፣ ለማን እንደሆነ ሳልነግራት፣ «ሌላ ጊዜ እወስድሻለሁ» አልኳት። «ሰውዬው 83 ዓመቱ ነው፤ የምን ሌላ ጊዜ?» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። እውነቷን እኮ ነው!

አባቴ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ተንገላተው መጡ። ሚሊኒየም አዳራሽ ገብተን አጠገባቸው የቆመውን ጎረምሳ፣ «አምባሰልም ባቲም የእኛ የወሎ ቅኝቶች ናቸው» እያሉ ሲያስተምሩት ቆዩ። ማህሙድ የአዲስ አበባ ልጅ መሆኑ መች አስጨነቃቸው! ያ የድሮ ሊስትሮ መድረክ ላይ ብቅ ሲል ግን ጸጥ አሉ። ዘፈኑ መሀል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

«እናትህን ደሴ ላይ መጀመሪያ የጨፈርኳት በዚህ ሰው ዘፈን ነው» አሉኝ።

እናቴ ካረፈች 11 ዓመት ሆናት። ከዚያ ወዲህ ሲያነሷት ሰምቼ አላውቅም። እጃቸውን ያዝኩ። «አብሽር» አሉኝ፣ እሳቸው እያለቀሱ።

ልጅቷስ? ሁለት ሳምንት አኩርፋ፣ ነገሩን ስነግራት አለቀሰች። «ብትነግረኝ እኔው ራሴ እሰጣቸው አልነበር?» አለችኝ። አሁን የተቆጣችው ስላላማከርኳት ነው። ትንሣኤን ሐይቅ ወስጄ ከአባቴ ጋር ላስተዋውቃት ብዬ ለመንኳት፤ መልሷን እየጠበቅኩ ነው።