ሽንፈቱን በፊሽካ ማሳበብ ይገባናልን?

በየዓመቱ የማርች ወር በደረሰ ቁጥር በተማሪዎች ክበባችን አንድ አሮጌ ክርክር ይነሣል። ምክንያቱም የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን በ2024 ዓ.ም. በግማሽ ፍጻሜው ግጥሚያ በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ቡድን መሸነፉ ነው። (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) አንዱ ሻዩን እያማሰለ «ያ ፊሽካ ባይነፋ ኖሮ» ይላል፤ ሌላው «ተዘረፍን እንጂ አልተሸነፍንም» ብሎ ይቀበለዋል፤ ከዚያ በኋላ የፈተና ጥናት የለም፣ የቤተ መጻሕፍት ቀጠሮም የለም። ባለፈው ሰሞን አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፣ ግጥሚያው ሲደረግ ገና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበረ ልጅ፣ ያንኑ «ተዘረፍን» የሚለውን ቃል ከእኛ ተምሮ በልበ ሙሉነት ሲናገር ሰማሁና እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። በዚያ ሌሊት ቃሉን በመጀመሪያ ጮኾ የተናገረው እኔ ነበርኩና።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ግማሹ አስተያየት፣ ግማሹ ንስሐ ነው።

የኳስ ነገር ግድ የማይሰጣቸው መምህራንና ጓደኞች እንዳይቸገሩ ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሴቶች ብሔራዊ ውድድር 68 ቡድኖች ይገባሉ፤ አንድ ጊዜ የተሸነፈ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በ2024 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች በክሊቭላንድ ከተማ ተገናኙ። ኮኔቲከት እስከዚያ ቀን ድረስ 11 ጊዜ ዋንጫ የወሰደ ቡድን ነው። አሠልጣኙ ሚስተር ጂኖ ኦሪየማ በልጅነታቸው ከጣሊያን አገር ከቤተሰባቸው ጋር ተሰደው የመጡ፣ ቡድኑን በ1985 ዓ.ም. የተረከቡ ሰው ናቸው። ከእኛ መካከል ብዙዎቻችንን ወደዚህ ቡድን የሳበን ይኸው የስደተኛ ልጅነታቸው ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ዋንጫው ርቆ ነበር። ድል የለመደ ደጋፊ ደግሞ ከደጋፊ ሁሉ የባሰ ነው፤ ሽንፈት ሲደርስበት ሌባ ይፈልጋል።

ኤፕሪል 5 ቀን ማታ በክበቡ ቴሌቪዥን ፊት ወንበር አልበቃንም። ፈተና የነበረባቸው እንኳ ደብተራቸውን ይዘው መጥተው ነበር፤ ደብተሩ ግን አልተከፈተም። የአይዋ መሪ ወይዘሪት ኬትሊን ክላርክ በዚያው የውድድር ዘመን በአንደኛው ምድብ ታሪክ ከሴትም ከወንድም ተጫዋች ሁሉ የበለጠ ነጥብ ያስቆጠረች ተብላ የተመዘገበች ናት። እርሷን እንድትጠብቅ የታዘዘችው ክሮኤሺያዊቷ ወይዘሪት ኒካ ሙል ነበረች። እንዴት ያለ ጥበቃ ነበር! እንደ ጥላ ተከተለቻት ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በመጀመሪያው አጋማሽ የክላርክ የሦስት ነጥብ ውርወራ አንዱም አልገባም። ለዕረፍት ሲወጡ ኮኔቲከት 32፣ አይዋ 26። እኛ በዚያ ሰዓት የፍጻሜውን ግጥሚያ ከማን ጋር እንደምንጫወት እንነጋገር ነበር።

ከዕረፍት መልስ ነገሩ ተለወጠ። ሦስተኛው ሩብ ሲያልቅ 51 ለ51 ሆኑ። በአራተኛው አይዋ ራቀ፣ ኮኔቲከት አሳደደ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሲቀር ያችው ሙል ከሩቅ ወርውራ ውጤቱን 70 ለ69 አደረገችው። ከዚያ ኳሱ በኮኔቲከት እጅ ገባ፤ የቀረው ጊዜ ከ10 ሴኮንድ በታች ነው። ኳሱ ወደ ወይዘሪት ፔጅ ቤከርስ እንደሚሄድ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ወይዘሪት አሊያ ኤድዋርድስ ለቤከርስ መንገድ ለመክፈት በአይዋዋ በወይዘሪት ጋቢ ማርሻል ፊት ቆመች። ተጫዋቾቹ ስክሪን የሚሉት ይህ ነው። ተጋጩ። ፊሽካ ተነፋ። 3.9 ሴኮንድ ሲቀር ፋውሉ በኤድዋርድስ ላይ ተቆጠረ፣ ኳሱም ለአይዋ ተሰጠ። ግጥሚያው 71 ለ69 አለቀ።

እንግዲህ ሕጉ ምን ይላል? ስክሪን የምታደርግ ተጫዋች ቀጥ ብላ መቆም አለባት። ተከላካይዋ ስትደርስባት በእግሯ መንቀሳቀስም ሆነ በትከሻዋና በክንዷ ወጣ ብላ መንገድ መዝጋት አይፈቀድላትም። ሥዕሉን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። በመጀመሪያዎቹ አሥር ጊዜያት ያየሁት ማየት የምፈልገውን ነበር። በአሥራ አንደኛው ግን ኤድዋርድስ ወደ ማርሻል ዘንበል ማለቷን አየሁ። ትንሽ ናት፤ ነገር ግን አለች።

አንድ የሕግ መምህራችን በሻይ ሰዓት ሲያልፉ ክርክራችንን ሰምተው ቆሙና «ልጆች፣ ሕጉ ሰዓት ይመለከታል እንዴ?» ብለው ጠየቁን። አንዱ ጓደኛችን ፈጠን ብሎ «አዎን ጋሼ፣ በመጨረሻው ሴኮንድ እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር አይነፋባትም፤ ልማዱ ነው» አላቸው። «እንግዲያው የምትሟገቱት ለልማድ ነው እንጂ ለሕግ አይደለም» ብለው እየሳቁ ሄዱ። በእርግጥ ልማዱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ግጥሚያውን ተጫዋቾች ይጨርሱት፣ ዳኞች አይጨርሱት የሚለው ሐሳብ ያስከብራል። ሚስተር ኦሪየማም ከግጥሚያው በኋላ እንዲህ ያለ ጥፋት ተፈልጎ ቢሆን በየአጋጣሚው እንደማይታጣ ተናግረዋል፤ በዚህ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን አለመንፋትም ፍርድ ነው። ማርሻል መንገዷ በስክሪኑ ተዘግቶባት፣ ቤከርስ ያን ኳስ አስገብታ ቢሆን ኖሮ ዛሬ «ተዘረፍን» እያለ የሚያማርረው የአይዋ ደጋፊ በሆነ ነበር፤ እኛም ምን እንደምንመልስለት አውቃለሁ። «ትንሽ ናት፣ ዝም በል» እንለው ነበር።

ሒሳቡንም እንመልከት። ከዕረፍት በኋላ አይዋ 45 ነጥብ አስቆጠረ፣ ኮኔቲከት 37። ይህን ሁሉ ፊሽካው አላመጣውም። በክርክራችን ውስጥ ስሟ አንድ ጊዜ እንኳ ተነሥቶ የማያውቅ አንዲት ልጅ አለች፤ ወይዘሪት ሃና ስቱልኪ ትባላለች። ሁላችንም ዐይናችንን በክላርክ ላይ ተክለን ሳለ ስቱልኪ ከቅርጫቱ ሥር ሆና 23 ነጥብ አስቆጠረች፤ ክላርክ ራሷ ያገባችው 21 ነው። ሙል ሥራዋን ሠርታለች፤ የተሸነፍነው ባላየነው በኩል ነው። ባለፈው ሳምንት በክበቡ ሰባት ሰዎችን «ለአይዋ ብዙ ነጥብ ያገባው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ሰባቱም «ክላርክ» አሉኝ። ስለ ፊሽካዋ ግን ሰባቱም ሰዓቷን ከነነጥቧ ያውቃሉ።

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደኝ የኤድዋርድስ ነገር ነው። ከካናዳ የመጣች ልጅ ናት። በዚያው ማርች አፍንጫዋ ተሰብሮ ሳለ ወደ ሜዳ ተመልሳ የተጫወተች ናት። በዚያ ሌሊትም 17 ነጥብ አስቆጥራለች፤ ከቤከርስ እኩል ማለት ነው። አራት ዓመት ለቡድኑ ተጫውታ ሦስት ጊዜ እስከ መጨረሻዎቹ አራት ደርሳለች። እኛ «ዳኞቹ በደሉን» በምንልበት ጊዜ ኤድዋርድስን የተከላከልንላት ይመስለናል። ዳሩ ግን ምን አደረግን? አራቱን ዓመት ሁሉ ወደ 3.9 ሴኮንድ አሳንሰን ስሟን ከዚያች ፊሽካ ጋር አሠርነው። ዛሬ በክበባችን «ኤድዋርድስ» ብትሉ የሚመለስላችሁ «አዎን፣ ያቺ ስክሪን» የሚል ነው። ቤከርስ ግን ገና በዚያው ሌሊት፣ አንድ አጋጣሚ ብቻውን ግጥሚያ እንደማያሸንፍና እንደማያስሸንፍ ገልጣ ጓደኛዋን ከወቀሳው አውጥታት ነበር። ሜዳ ላይ የነበረችው እርሷ ይህን ካለች ወንበር ላይ ተቀምጠን የነበርነው እኛ ሌላ የምንለው ከየት አምጥተን ነው?

ቁጣ የግድ አስፈላጊ ከሆነ ሌላ የምንቆጣበት ነገር ነበረልን። ካሜራው በየጊዜው የሚያልፈውን የኮኔቲከትን ወንበር ያስተዋለ ሰው አለን? የቡድኑ ልብስ ሳይሆን ተራ ልብስ ለብሰው የተቀመጡ ልጆች ነበሩበት። በዚያ ዓመት አምስት ተጫዋቾች በጉዳት ከውድድር ወጥተዋል። ወይዘሪት አዚ ፈድ በኖቬምበር 2023፣ ወይዘሪት ኦብሪ ግሪፈን በጃኑዋሪ 2024 የጉልበታቸው መስቀለኛ ጅማት ተበጥሶ ነበር። ቤከርስ ራሷ በ2022 ዓ.ም. ያው ጅማት ተበጥሶባት አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ቁጭ ብላ አሳልፋለች። ከዚያ ሌሊት በኋላ ደግሞ በኦክቶበር 2024 ሙል በቱርክ አገር ስትጫወት ይኸው ደረሰባት። ለዚህ ነበር ሁለት የመጀመሪያ ዓመት ልጆች በዚያ ታላቅ ግጥሚያ ከመጀመሪያዎቹ አምስት መካከል የተሰለፉት፤ ለዚህ ነበር በመጨረሻው ሩብ ትንፋሽ የሚሰበስብ የጠፋው።

ይህ የአንድ ቡድን መጥፎ ዕድል ብቻ አይደለም። እንደ ቅርጫት ኳስና እንደ እግር ኳስ ባሉት ጨዋታዎች ይህ ጅማት በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ በብዙ እጥፍ እንደሚበጠስ ሐኪሞች ካወቁት ቆይቷል። ከዝላይ በሚያርፉበት ጊዜ የጉልበት አቀማመጥና የጭን ጡንቻዎች ሚዛን ከምክንያቶቹ መካከል ይቆጠራሉ። ከልምምድ በፊት በሥርዓት የሚደረግ የማሟሟቂያ ትምህርት ጉዳቱን እንደሚቀንስም ታውቋል። ታዲያ በየትምህርት ቤቱ ያሉ ልጃገረዶች ይህን ትምህርት ያገኛሉ ወይ? በእኛ ዩኒቨርሲቲ ከሰዓት በኋላ በአስፋልቱ ሜዳ የሚጫወቱት እኅቶቻችን ያገኛሉ ወይ? ስለ 3.9 ሴኮንድ ስንከራከር ባጠፋነው ጊዜ ይህን አንድ ቀን እንኳ ጠይቀን አናውቅም። የአካል ማጎልመሻ መምህራን በሚቀጥለው እትም መልስ ቢጽፉልን ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ የክርክሩን መልካም ገጽታም አልክድም። በ2021 ዓ.ም. በዚሁ ብሔራዊ ውድድር ወንዶቹ ሙሉ የክብደት ማንሻ አዳራሽ ሲዘጋጅላቸው ለሴቶቹ የተሰጣቸው ጥቂት ትንንሽ ክብደት የተደረደረበት አንድ መደርደሪያ ነበር። ይህን ለዓለም ያሳየችው የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች በስልኳ ባነሣችው ሥዕል ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የኮኔቲከትንና የአይዋን ግጥሚያ 14.2 ሚሊዮን ሰው በቴሌቪዥን ተመለከተው። በሴቶች ግጥሚያ ላይ ስለ ተነፋ አንድ ፊሽካ አገር ሲጯጯህ ማደሩ ከዚያ በፊት ያልተለመደ ነገር ነው፤ ጩኸቱ ያለ አግባብ ቢሆን እንኳ።

አንዳንድ ጓደኞች «አሁን ምን ያናግርሃል፣ ኤፕሪል 6 ቀን 2025 ሳውዝ ካሮላይናን 82 ለ59 አሸንፈን 12ኛውን ዋንጫ ወስደን የለም ወይ?» ይሉኛል። ወስደናል፤ ፈድም ከጉዳቷ ተመልሳ በዚያ ቀን 24 ነጥብ አስቆጥራለች፤ እኔም ጮኼ ጨፍሬአለሁ። ነገር ግን ኤድዋርድስና ሙል ትምህርታቸውን ጨርሰው ሄደው ነበር፤ ያ ዋንጫ ለእነርሱ አልደረሰም። የፊሽካውም ወሬ በዋንጫው አልተቀበረም፤ ይኸው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ድረስ ወርዷል።

በመጨረሻ ያልተናገርኩትን ልናገር። ፊሽካው ሲነፋ እኔ «ተዘረፍን!» ብዬ ተነሣሁና ቴሌቪዥኑን ዘጋሁት። ማንም አልከለከለኝም፤ ሁሉም እየተሳደበ ወጣ። በማግሥቱ ነው የቀረውን ያወቅነው። ለካ ጨዋታው አላለቀም ነበር። ክላርክ ሁለት የቅጣት ውርወራ ተሰጣት፤ አንዱን አገባች፣ ሁለተኛውን ሳተች። በዚያች ቅጽበት ልዩነቱ ሁለት ነጥብ ብቻ ነው፤ ኳሱ ከብረቱ ነጥሮ በአየር ላይ ነው፤ ሰዓቱም ገና አልሞላም። ተመልሶ ለአይዋ ሆነ። በዚያ ክፍል ከነበርነው መካከል ያን ኳስ ያየ የለም።