ገናን ከሕፃናት ጋር

ባለፈው ዓመት በገና ማግስት አንድ የስድስት ዓመት ሕፃን «ለመሆኑ ገና ምንድን ነው?» ብለን ብንጠይቀው፥ «በግ የሚታረድበት ቀን ነዋ!» ሲል መለሰልን። ልጁን ልንነቅፈው አልቻልንም፤ በቤቱ ያየውን መሰከረ እንጂ ሐሰት አልተናገረም። እናት በወጥ ቤት፥ አባት በገበያ ተጠምደው ሳሉ ለእርሱ የደረሰው ቃል «ዞር በል፥ ሥራ አታስፈታን» የሚለው ብቻ ነበርና።

ሕፃን በዓልን የሚማረው በጆሮው ብቻ ሳይሆን በእጁም ጭምር ነው። ስለዚህ ወላጆች ብዙ ገንዘብ ሳያወጡ ከልጆቻቸው ጋር ሊሠሩት የሚችሉትን ጥቂት ነገር በዚህ ወር እናመለክታለን።

ቤተ ክርስቲያናችን ከታኅሣሥ 7 እስከ 27 ቀን ባለው ጊዜ የሚውሉትን ሦስት እሑዶች ስብከት፥ ብርሃን፥ ኖላዊ ብላ ሰይማቸዋለች። ለቤታችንም የሚስማማው ሥርዓት ከዚሁ ይገኛል።

በስብከት እሑድ ማታ፥ ነቢያት የጌታን መምጣት እንዴት ይጠባበቁ እንደ ነበር በአጭር ቃል ይተረክላቸው። ከዚያም እስከ በዓሉ የቀሩትን ቀኖች በሽንብራ ቆጥረው በጣሳ ያኑሩና በየማታው አንዳንድ ፍሬ ያንሡ። በዓሉ ታኅሣሥ 29 ቀን፥ በዘመነ ዮሐንስ ግን 28 ቀን ስለሚውል ወላጆች ቆጠራውን ይጠንቀቁለት። ልጆቹ መጠበቅ ምን እንደ ሆነ በዚህ ይረዳሉ።

በብርሃን እሑድ መብራቱ ሁሉ ይጥፋና ቤተ ሰቡ ጥቂት ጊዜ በጨለማ ይቀመጥ፤ ቀጥሎም አባት አንዲት ጧፍ ያብራ። ሕፃኑ «አሁን እማማን አየኋት!» ያለ እንደ ሆነ፥ ትምህርቱን ራሱ ፈጸመው ማለት ነው።

ኖላዊ ማለት እረኛ ነው። በዚህ እሑድ ጭቃ አቡክተው በግ፥ ላምና አህያ ይሥሩ፤ ከማሽላ አገዳም በረት ያብጁ። ላሟ ውሻ ብትመስል አንሣቅባቸው። ጭቃው ሲደርቅ፥ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 የተጻፈው የእረኞቹ ታሪክ በበረቱ ፊት ይነበብላቸው።

በዋዜማው ለድፎ ዳቦ የሚሆነውን ኮባ ይወልውሉ፤ ቄጤማውንም እነርሱ ይጎዝጉዙ። ሥራው በእነርሱ እጅ ይዘገያል፤ ቢሆንም ይታገሡአቸው።

በበዓሉ ቀን የገና ጨዋታ አይቅር። እረኞቹ ብሥራቱን በሰሙ ጊዜ በደስታ በበትራቸው እንደ ተጫወቱ በትውፊት ይነገራል። ለሕፃናት ግን የእንጨት እሩር ስለሚጎዳቸው ከጨርቅ ኳስ ይጠቅለልላቸው፤ ዱላውም አጭርና ጫፉ ቆልመም ያለ ይሁን። አባትም ከልጆቹ ጋር ይሰለፍ፤ በገና ጨዋታ ጌታ በሎሌው አለመቆጣቱ የአገራችን ልማድ ነውና፥ ልጅ አባቱን ቢያሸንፍ ነውር የለበትም።

ከሁሉ በላይ፥ ማዕዱ ከመቅረቡ አስቀድሞ ጧሪ ለሌላቸው ጎረቤት የሚላከውን ዳቦ ልጁ በገዛ እጁ ያድርስ። ማረፊያ አጥቶ በግርግም የተኛውን ጌታ ከዚህ ይልቅ የሚያሳውቅ ትምህርት አናገኝም።

እንዲህ ያደረግን እንደ ሆነ፥ በሚመጣው ዓመት ያን ጥያቄ ብንደግመው ሕፃኑ በጉን አይረሳ ይሆናል፤ እኛም እንዲረሳ አንሻም። ነገር ግን አስቀድሞ የሚነግረን በእጁ ስለ ሠራው በረትና በዚያ ስለ ተኛው ሕፃን ይሆናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።