የእኛ ክረምት፣ የዱባይ ሐሩር

ዱባይ እ.ኤ.አ. በ2019 16.73 ሚሊዮን ያህል የውጭ እንግዶችን አሳድራለች። ኮቪድ ቁጥሩን ክፉኛ ቢያወርደውም በ2023 17.15፣ በ2024 ደግሞ 18.72 ሚሊዮን ደርሷል።

እንግዶቹ ግን ዓመቱን ሙሉ እኩል አይመጡም። ከኅዳር እስከ መጋቢት አየሩ ለስለስ ስለሚል አውሮፓውያን ብርዳቸውን ሸሽተው ይጎርፋሉ፤ የሆቴል ዋጋም አብሮ ይሰቀላል። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ዋጋው ይወርዳል። ከተማዋ ከ1998 ጀምሮ በሐሩሩ ወራት የምታዘጋጀው የቅናሽ ወቅትም ይህንኑ ክፍተት ለመሙላት የታሰበ ነው።

ለእኛ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት፣ ዱባይ በምትነድበት ሰዓት ነው። ባሕሩ ዳር የሚያስቀምጠው ማለዳ ብቻ ነው፤ የቀረው ቀን በገበያ አዳራሽ ያልቃል። ገበያ አዳራሽ የዋለ ልጅ ደግሞ ባዶ እጁን አይወጣም! ከሆቴሉ የተረፈው ገንዘብ በመጫወቻና በምግብ ይሄዳል።

ስለዚህ ሒሳቡን በክፍሉ ዋጋ ብቻ አይጨርሱት። ሆቴሎች ለአንድ ክፍል በየሌሊቱ ከ7 እስከ 20 ድርሃም የቱሪዝም ክፍያ እንደሚጨምሩም ያስታውሱ።

ልጆችዎ ገና መዋዕለ ሕፃናት ከሆኑ ጥቂት ቀን ቢቀሩ ብዙ አይጎድልባቸውም፤ የጥቅምትን መጨረሻ ወይም የሚያዝያን መጀመሪያ ይምረጡ። ከፍ ያሉ ከሆኑ የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ይሻላል። ዋጋው ቢወደድም፣ በጥር ባሕር ዳር የሚያልፉ አራት ቀናት በነሐሴ ክፍል ተዘግቶ ከሚያልፉ አሥር ቀናት ይበልጣሉ።