ሥራ ሳይለቁ ናኖ ቴክኖሎጂ መማር፤ ለድሬዳዋ የሚበጀው የትኛው መንገድ ነው?



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከሰሞኑ የፖለቲካ ወሬ ራቅ ያለ ነው። ግን የብዙ ሰው ገንዘብና ዕድሜ ያለበት ስለሆነ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

ድሬዳዋ ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራ፣ ቤተሰብ የመሠረተ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ሁለተኛ ዲግሪ ልማር ሲል ከፊቱ የሚደረደርለት ምርጫ ይታወቃል። ማኔጅመንት፣ አካውንቲንግ፣ ፕሮጀክት ማኔጅመንት ነው። ኬሚስትሪ ተምሮ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ናሙና የሚመረምረው ባለሙያ እንኳ መጨረሻው ኤምቢኤ መመዝገብ ይሆናል። ምክንያቱም ትምህርቱ ቅዳሜና እሑድ ይሰጣል፣ ሥራ አያስለቅቅም። ሳይንሱን መቀጠል የፈለገ ግን ወይ ሥራውን ይለቃል ወይ ሐሳቡን ይተዋል።

የእኔ አቋም ይህ ነው። ሥራ ላይ ያለ ባለሙያ ናኖ ቴክኖሎጂን የመሰለ ከባድ ትምህርት ሥራውን ሳይለቅ መማር ይችላል፤ ድሬዳዋም ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት። ነገር ግን ትምህርቱ በለመድነው የቅዳሜና እሑድ አሰጣጥ የሚመጣ ከሆነ ባይመጣ ይሻላል።

መጀመሪያ፣ ናኖ ምንድን ነው?

አንድ ናኖ ሜትር ማለት የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ80,000 እስከ 100,000 ናኖ ሜትር ይገመታል። ቁስ አካል ከ1 እስከ 100 ናኖ ሜትር ድረስ ሲያንስ ጠባዩ ይለወጣል። ወርቅ በዚህ መጠን ውኃ ውስጥ ሲበተን ቢጫነቱ ጠፍቶ ቀይ ይመስላል። ሌላው ምክንያት የገጽ ስፋት ነው። የሐረር ቡና ሳይወቀጥ ጀበና ውስጥ ቢገባ ምን ያህል ጣዕም ይሰጣል? ሲወቀጥ ከውኃው ጋር የሚገናኘው ገጹ ስለሚበዛ ቶሎ ይወጣለታል። ናኖ ማለት ይህንኑ ነገር እስከ መጨረሻው ጥግ መውሰድ ነው።

ሩቅ አይምሰላችሁ። በኮቪድ ጊዜ የተሰጠው የፋይዘር ክትባት መድኃኒቱን ተሸክሞ ሰውነት ውስጥ የሚያደርሰው የናኖ መጠን ባለው የስብ ቅንጣት ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ታይዋን የሚባለውን ገበያ የማያውቅ የለም። እዚያ የሚሸጠው ስማርት ስልክ ውስጥ ያለው ቺፕ፣ ምናልባትም በእውነተኛዋ ታይዋን የተመረተ፣ በናኖ ሜትር በሚለኩ ክፍሎች የተገነባ ነው። በስሙ እየነገድን በሙያው ከሸማችነት አላለፍንም።

ለምን ድሬዳዋ?

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የምድር ባቡሩ ጥገና ክፍል ለብዙ ዘመን የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሆኖ አገልግሏል። ሜካኒኩም፣ በያጁም፣ ኤሌክትሪሺያኑም ደመወዝ እየተከፈለው ሙያ ቀስሟል። እየሠሩ መማር ለዚህች ከተማ አዲስ ነገር አይደለም።

ችግሮቹም እዚሁ አሉ። ሲሚንቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተከለው ፋብሪካ ጀምሮ የድሬዳዋ ሙያ ነው። ሲሚንቶ ከውኃ ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠረውና ኮንክሪቱን አጣብቆ የሚይዘው ነገር፣ ካልሲየም ሲሊኬት ሃይድሬት፣ መዋቅሩ በናኖ ደረጃ የሚጠና ነው። የከተማዋ የመጠጥ ውኃ ከከርሰ ምድር ይወጣል። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት ሠርቶ የሚቀረው ኖራ ምስክር ነው። ናይትሬትም የከተማዋን የጉድጓድ ውኃ በፈተሹ ጥናቶች ተደጋግሞ የተነሣ ችግር ነው። ጨርቃ ጨርቅ ላይ የሠራ ሰው ደግሞ የማቅለሚያ ኬሚካል ያዘለ ፍሳሽን ማጣራት ምን ያህል ፈተና እንደሆነ ያውቃል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተመረቀው ነጻ የንግድ ቀጠናም አለ።

እነዚህን ችግሮች በየቀኑ የሚነካቸው ማን ነው? ሠራተኛው ነው። ከኮሌጅ በቀጥታ የመጣ ወጣት ተማሪ የመመረቂያ ርዕስ ፍለጋ ስድስት ወር ይንከራተታል። የውኃ ላቦራቶሪ ባለሙያው ግን ርዕሱን ይዞ ነው ክፍል የሚገባው።

የተለመደው አሰጣጥ ለምን አይሆንም?

የቅዳሜና እሑድ ትምህርት እንዴት እንደሚሰጥ እናውቃለን። መምህሩ ፕሮጀክተር ይከፍታል፣ ስላይዱ በቴሌግራም ይላካል፣ አሳይንመንት በቡድን ይሠራል፣ ፈተና ይመጣል። ይህ ለአንዳንድ ትምህርት ይበቃ ይሆናል። ለናኖ ግን አይበቃም። የሠራኸው ቅንጣት 20 ናኖ ሜትር ይሁን 200 በዓይን አታየውም፤ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ወይም የኤክስ ሬይ መሣሪያ ያስፈልጋል። እነዚህ መሣሪያዎች ውድ ናቸው፣ መብራት ሲቆራረጥባቸው ይበላሻሉ፣ የሠለጠነ ኦፕሬተርም ይሻሉ። ናሙናቸውን ውጭ አገር ልከው ውጤት የሚጠብቁ ተመራማሪዎቻችን ጥቂት አይደሉም።

ከዚህ የተነሣ አንድ የታወቀ አቋራጭ ተፈጥሯል። የአንድ ተክል ቅጠል ቀቅሎ፣ ከብር ናይትሬት ጋር ቀላቅሎ፣ ቀለሙ ሲለወጥ ናኖ ቅንጣት ተሠራ ማለት፤ ከዚያ ባክቴሪያ ላይ ሞክሮ ገደለ ብሎ መጻፍ። ሳይንሱ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ቅጠሉን ብቻ እየቀያየሩ ያንኑ ሥራ መድገም መደርደሪያ ይሞላል እንጂ የማንንም ውኃ አያጣራም። መሣሪያ ሳይነካ በናኖ ቴክኖሎጂ ማስተርስ ያገኘ ሰው ደግሞ መኪና ሳይነዳ መንጃ ፈቃድ እንደያዘ ሰው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

መንገዱን በሦስት ከፍዬ አየዋለሁ።

አንደኛ፣ ንድፈ ሐሳቡ እዚሁ ይሰጥ። ሒሳቡ፣ ኬሚስትሪው፣ ፊዚክሱ በማታና በቅዳሜ ክፍለ ጊዜ ሊሸፈን ይችላል። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲም 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከሌላ ከተማ መምህር ካስፈለገ ኢንተርኔት አለ። ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምናና ጤና ዘርፍ ያለውን የናኖ ቴክኖሎጂ ማስተርስ ሥራ ላይ ላሉ ባለሙያዎች በትርፍ ጊዜ የሚሰጠው አብዛኛውን በኢንተርኔት ነው። የእሱን ክፍያ በፓውንድ መክፈል አንችልም፤ አሠራሩን ማየት ግን በነጻ ነው።

ሁለተኛ፣ የላቦራቶሪው ሥራ በየሳምንቱ ከመበጣጠስ በዓመት ሁለት ጊዜ ለሁለት ለሁለት ሳምንት ይጠቃለል። መምህራኖቻችን ዲግሪያቸውን ያገኙበት የክረምት ትምህርት የዚህ ዘመድ ነው። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የናኖ ቴክኖሎጂ የልሕቀት ማዕከል አለው። የባዮና ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ናኖ ቴክኖሎጂን ከሥራ ዘርፎቹ አንዱ አድርጎ ይዟል። ለሃያ ተማሪ ሲባል ድሬዳዋ ላይ ሁሉንም መሣሪያ ከመግዛት ሃያውን ተማሪ በባቡር መላክ ይረክሳል።

ሦስተኛ፣ የመመረቂያው ጥናት ከተማሪው የሥራ ቦታ ይውጣ። የሲሚንቶው ሠራተኛ ስለ ሲሚንቶ፣ የውኃው ባለሙያ ስለ ናይትሬት፣ ፋርማሲስቱ ስለ መድኃኒት ይሥራ። ከፈታኞቹም አንዱ ከአሠሪው መሥሪያ ቤት ይቀመጥ።

አሠሪስ?

እዚህ ላይ ሒሳቡን በግልጽ እንሥራው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ይፈቅዳል። የመጀመሪያ ዓመት ሠራተኛ የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ሲሆን በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው የሁለት ሳምንት ላቦራቶሪ 12 የሥራ ቀን ይበላል። ሁለት ጊዜ ሲሆን 24። ፈቃዱን በሙሉ ቢሰጥ እንኳ አይበቃውም። ለቅሶ፣ የልጅ ሕመም፣ ሰርግ፣ ዓመት በዓል ሲጨመር ሰውየው ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ያቋርጣል። ሴቷ ሠራተኛ ላይ ደግሞ የቤቱ ሥራ ተደርቦ ነገሩ እጥፍ ይከብዳል።

ስለዚህ ቢያንስ አንደኛውን ዙር አሠሪው ከነደመወዙ ይሸፍን። በምላሹ ሠራተኛው ከተመረቀ በኋላ ለተወሰነ ዓመት ለማገልገል የግዴታ ውል ይፈርም። ይህ በአገራችን የታወቀ አሠራር ነው። አሠሪው ለአማካሪ ድርጅት የሚከፍለውን ገንዘብ አስቦ ቢያነጻጽር እንደማይከስር ይገባዋል።

«ለእኛ ናኖ ቅንጦት ነው» ለሚሉ

ይህ ክርክር በደንብ መልስ ሊሰጠው ይገባል። ንጹሕ ውኃ ያላዳረሰ አገር ስለ ናኖ ምን አገባው? ይላሉ። ግን ጎረቤት ያለውን ተመልከቱ። ታንዛኒያዊው ኬሚካል ኢንጂነር አስክዋር ሂሎንጋ አሸዋን ከናኖ ቁሶች ጋር አጣምሮ የውኃ ማጣሪያ ሠራ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ ሮያል አካዳሚ ኦፍ ኢንጂነሪንግ የመጀመሪያውን የአፍሪካ ሽልማት ሰጠው። ማጣሪያው እንደየአካባቢው ውኃ ችግር የሚስተካከል ነው። እኛም አገር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች በስምጥ ሸለቆ ውኃ ውስጥ ያለውን ፍሎራይድ በአሉሚኒየም ውሁዶች ለማስወገድ ብዙ ሠርተዋል። ውኃ የቸገረው አገር ነው ይህን ዕውቀት አብልጦ የሚፈልገው።

ሌላው ስጋት፣ ተምሮ አገር ጥሎ ይሄዳል የሚለው ነው። ለሙሉ ጊዜ ትምህርት ባሕር ማዶ የላክነው ወጣት የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነው። ቤቱ፣ ልጁ፣ ዕቁቡ፣ ሥራው እዚህ ያለ ሰው ግን የሚማረው እዚሁ ሊጠቀምበት ነው።

ለተማሪው አንድ ምክር

ናኖ ቴክኖሎጂም ሆነ ሌላ የሳይንስ ማስተርስ በትርፍ ጊዜ እንሰጣለን የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። መሣሪያውን በእጄ ስንት ሰዓት እነካለሁ? ናሙናዬ የት ይመረመራል፣ ወጪውን ማን ይችላል? አማካሪዬ ማን ነው፣ በዚህ ዘርፍስ ምን ሠርቷል? ለሦስቱም ግልጽ መልስ የሌለው ቦታ የሚሸጥላችሁ ወረቀት ነው። ወረቀት ደሞዝ ሊያስጨምር ይችላል፤ ሁለትና ሦስት ዓመት ከልጆቻችሁ የወሰዳችሁትን ቅዳሜና እሑድ ግን አይመልስም።

ሐሳባችሁን አካፍሉን፤ በተለይ ፋብሪካና ላቦራቶሪ የምትሠሩ የድሬ ልጆች።

ቸር እንሰንብት።