ጊምባል ከመቀየራችሁ በፊት ፕሮፔለሩን ዳስሱት

«ቲቸር፣ ጊምባሉ ሞቷል አሉኝ።» ስልኩን እንዳነሳሁ፣ ሰላምታ እንኳን ሳይቀድም፣ የሰማሁት ይሄን ነው። ደዋዩ ከዓመታት በፊት ካሜራ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ አሁን ሠርግ ይቀርጻል፣ ጎበዝ ባለሙያ ሆኗል። ፈቃድ አውጥቶ እንጦጦ ላይ በድሮን የቀረጸውን ለሙሽሮቹ ቤተሰብ ሲያሳይ፣ አባትየው «ልጆቼ ውሃ ውስጥ ነው እንዴ የተጋቡት?» አሉና ቀሪውን ክፍያ ያዙበት። ጥገና ቤት ሲወስደው ደግሞ ቪዲዮውን አንድ ደቂቃ አይተው፣ ማሽኑን ሳይነኩ፣ «ጊምባል ይቀየር» አሉት። የተጠየቀው ብር የሠርጉን ሒሳብ ሙልጭ አድርጎ ይበላል።

ይዘኸው ና አልኩት። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ እኔ ቤት፣ ቡና እየተቆላ ድሮኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ባትሪውን አወጣን። ጊምባሉን አልነካሁትም። የፕሮፔለሮቹን ጠርዝ አንድ በአንድ በጥፍሬ ዳሰስኩ። ከኋላ በግራ በኩል ያለው ላይ ጥፍሬን ያዝ አደረገኝ። የስንዴ ፍሬ ግማሽ እንኳን የማትሞላ ስብራት።

«መቼ ነው የተመታው?»

«ኧረ አልተመታም... ማለቴ፣ የዛሬ ወር ቅጠል ነካ አድርጎ ነበር። ምንም አልሆነም ግን።»

ይቺ «ምንም አልሆነም» ናት ዛሬ እንድጽፍ ያደረገችኝ።

ፕሮፔለር በደቂቃ በሺዎች የሚቆጠር ዙር ነው የሚሽከረከረው። በዚህ ፍጥነት ከአንዱ ጫፍ ቅንጣት ብትጎድል ሚዛኑ ይዛነፍና ሞተሩን፣ ክንዱን፣ አካሉን በሙሉ ያንዘረዝራል። ጊምባል ደግሞ የተሠራው ለሌላ ሥራ ነው፤ ነፋስ ድሮኑን ሲያዘነብለው ካሜራውን ቀጥ አድርጎ ለመያዝ። ደቃቁንና ፈጣኑን ንዝረት የሚውጡት ጊምባሉን ከአካሉ ጋር የሚያያይዙት ትንንሽ ጎማዎች ናቸው፤ እነሱም አቅም አላቸው። ከአቅማቸው ያለፈው ካሜራው ጋ ይደርሳል። ካሜራው ምስሉን በአንዴ አያነበውም፣ መስመር በመስመር ነው። የላይኛውን መስመር አንብቦ ታችኛው ጋ እስኪደርስ ራሱ ከተንቀጠቀጠ፣ ቀጥ ያለው የመብራት ምሰሶ እባብ ይሆናል። አባትየው ውሃ ያሉት ይሄን ነው።

በኛ ከተማ ነገሩ ይብሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። ልደታ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ያንኑ ድሮን ለማንሳት ፕሮፔለሩ በግምት 12 በመቶ ፈጥኖ መሽከርከር አለበት፤ ሲፈጥን የስብራቷም ምት ይበረታል። (የሰፈር ወሬ ልጨምር፦ ቦሌ ከመሠራቱ በፊት የከተማው አውሮፕላን ማረፊያ እዚሁ ልደታ ነበር። «አሮጌ አውሮፕላን ማረፊያ» የምንለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ጄት ሲመጣ ሜዳው አልበቃ አለ። በከፍታ ቦታ አውሮፕላንም ለመነሳት ረጅም ሜዳ ይጠይቃል፣ አየሩ ስስ ነዋ!)

«ኤዲቲንግ ላይ ስታቢላይዘር እጥልበታለሁ» የምትሉ አላችሁ። አትጣሉበት። ስታቢላይዘር ሙሉው ምስል አብሮ ሲንቀሳቀስ ነው የሚረዳው፤ መስመሩ ራሱ የተጣመመ ምስል ላይ ሲገባ ጭራሽ ሊጥ ያደርገዋል። ኤንዲ ፊልተር አድርጋችሁ ሸተሩን ወደ 1/50 ብታወርዱት ይሻላል፤ በቀትር ፀሐይ ሸተሩ በራሱ 1/2000 ሲሄድ እያንዳንዷ ንዝረት ጥርት ብላ ትታያለች። ግን እሱም ማስታገሻ ነው። ደግሞ ከገበያ የሚገዛው ከባድ ፊልተር ራሱ ጊምባሉን የሚያንቀጠቅጥበት ጊዜ አለ፤ አውልቃችሁ ሞክሩት። አድማሱ ተንጋዶ ምስሉ ግን ካልተወዛወዘ ያ የካሊብሬሽን ጉዳይ ነው፤ ደልዳላ ቦታ ላይ አስቀምጣችሁ ሥሩት፣ አልጋ ላይ አይደለም። ፕሮፔለሩ ሁሉ አዲስ ሆኖ ንዝረቱ ካልለቀቀ ባትሪውን አውጥታችሁ ሞተሮቹን በእጅ አዙሩ፤ አሸዋ እንደገባበት የሚንኳኳ ካለ እሱ ነው። ጎማዎቹም ከቦታቸው ወጥተው ወይ ተቀደው እንደሆነ እዩ። ይሄን ሁሉ አይታችሁ ነው እንግዲህ ጊምባል የሚጠረጠረው።

ጥገና ቤቶችን ብቻ አልወቅስም። «ተመትቶ ያውቃል?» ብሎ አለመጠየቅ የነሱ ጥፋት ነው፤ ሲጠየቅ መዋሸት ግን የኛ ነው። እኔም ዋሽቻለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ የምርቃት ቀረጻ ላይ ምስሉ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ቀስ ያለ ሙዚቃ አልብሼ፣ ቁርጥራጩን አሳጥሬ አስረከብኩ። ማንም አላወቀም። በቀጣዩ በረራ ያው ፕሮፔለር አየር ላይ ተሰብሮ ድሮኑ የአንድ ግቢ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወደቀ። ጣሪያው ሥር ማንም አልነበረም። ከሱ ሃያ እርምጃ ርቆ ግን ልጆች ኳስ ይጫወቱ ነበር። ያን ቀን ለባለቤቷ «ነፋስ ነው» አልኳት። ነፋስ አልነበረም፤ የሚንቀጠቀጠው ምስል ቀድሞ ነግሮኝ ነበር።

ስለዚህ አቋሜ ይሄ ነው፦ የሚንቀጠቀጥ ድሮን ሰው ያለበት ቦታ ላይ አይነሳም። ደንበኛ ቢቆጣም፣ ሙሽሮች መኪና ውስጥ ቢጠብቁም። መጠባበቂያ ፕሮፔለር ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር፤ ስትቀይሩ የአንዱን ሞተር ሁለቱንም ቀይሩ፣ አዲስና አሮጌ አታደባልቁ። ውድ ነው ትሉኛላችሁ፣ አውቃለሁ። ልጁን ስንት እንዳስከፈለው ግን አሁን ሰማችሁ።

ፕሮፔለሩን ቀየርን፤ በማግስቱ ፈቃድ ባለው ቦታ አንስቶት የላከልኝ ቪዲዮ እንደ ዘይት ነው። ጊምባሉ ያው ነው። አባትየው ጋ ሄዶ እውነቱን ነገራቸው። ሠርጉ አይደገምም፤ ሙሽሮቹን ግን ልብሳቸውን አልብሶ በነፃ እንደገና ሊቀርጻቸው ተስማሙ። ቀሪውን ብር ያኔ እንሰጥሃለን ብለውታል።

የተሰነጠቀ ፕሮፔለር ያላችሁ አትጣሉት፣ ለማስተማሪያ እፈልገዋለሁ። ልደታ ስታልፉ ደውሉ፣ ቡና አለ። ስትመጡ ግን መቼ እንደተመታ እጠይቃችኋለሁ።