ከሮቶው የሚተርፈው ውሃ የት ይሄዳል?

ሞርሲቶ ውስጥ ሮቶ የሌለበት ግቢ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ነው። ሆሳዕናማ ከሄዳችሁ በየጣራውና በየማማው ላይ ጥቁር ሮቶ ታያላችሁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት አገር ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ታዲያ ሰው ሮቶ ሲገዛ ስንት ሊትር እንደሚይዝ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነና ማን እንደሚሰቅልለት ይጠይቃል። ሲሞላ የሚተርፈው ውሃ የት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

እንዲሞላ የሚፈቅደውና የሚከለክለው ከላይ ያለው ባለኳሱ መዝጊያ ነው። ውሃው ከፍ ሲል ኳሱ ይንሳፈፍና መግቢያውን ይዘጋል። ነገር ግን ጎማው ያረጃል፣ አሸዋም ይገባበታል። ያን ጊዜ ሮቶው ከሞላም በኋላ ውሃው መምጣቱን አያቆምም፤ ብዙ ጊዜም ይህ የሚሆነው ሌሊት ሁሉም በተኛበት ሰዓት ነው። የትርፍ ውሃ መውጫው ቧንቧ የተሠራው ለዚህ ነው። ስለዚህ መክፈቻና መዝጊያ አይገጠምበትም፣ በጨርቅም አይወተፍም።

በብዙ ግቢ የማየው ስህተት የቧንቧው ውፍረት ነው። የሚገባው ውሃ በግፊት ይመጣል፤ የሚወጣው ግን በራሱ ክብደት ብቻ ይወርዳል። ሁለቱ እኩል ከሆኑ መውጫው አይችለውም፣ ውሃው በክዳኑ ይገነፍላል። መግቢያው ግማሽ ኢንች ከሆነ መውጫው ቢያንስ አንድ ኢንች ይሁን። የቧንቧ ውፍረት እጥፍ ሲሆን የአፉ ስፋት አራት እጥፍ ነውና ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የመግቢያው ጫፍ ደግሞ ከመውጫው ቀዳዳ ከፍ ብሎ፣ ውሃው ሳይነካው ይቅር። ጫፉ ውሃ ውስጥ ከተነከረ፣ መስመሩ ላይ ግፊት ሲጠፋ የሮቶውን ውሃ ወደኋላ ይስበዋል፤ ያ ውሃ ደግሞ የጎረቤት ቧንቧ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ቀጥሎ የመውጫው አፍ በደቃቅ የትንኝ ወንፊት ይሸፈን። ወንፊቱ የውሃውን መንገድ ያጠባልና ቧንቧው ሰፊ መሆን ያለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አልጌና ቅጠል እንዳይዘጋው በየጊዜው ይጠረግ።

አንድ ጎረቤታችን ይህን ስነግራቸው፣ «ሲስተር፣ ውሃው እኮ ንጹህ ነው፤ ቢጠራቀም ምን ይጎዳል?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ንጹህ ስለሆነ እኮ ነው ትንኟ የምትመርጠው» አልኳቸው። ሁሉም ትንኝ ቆሻሻ አይወድም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ ረግረግ ፍለጋ አትሄድም። በከተማ ውስጥ፣ በበርሜል፣ በሮቶና በግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያ ትራባለች። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት ሆና የተገኘችውም እሷው ናት። ከዚያ ቀደም፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ በዚያችው ከተማ የደንጊ ትኩሳት ገብቶ ነበር፤ ደንጊን የምታስተላልፈውም ትንኝ የቤት ውስጥ ውሃ ማጠራቀሚያ ወዳጅ ናት። እኛ ደጋ ላይ ነን ብለን መተማመን አይገባም። ሰዉ ወደ ጊቤ ቆላ ለሥራ ወርዶ ይመለሳል፤ ወባ ያለበት ሰውና ትንኝ ከተገናኙ ደግሞ የቀረው ጉዳይ የሙቀትና የጊዜ ብቻ ነው።

የወጣው ውሃስ? ብዙዎች ቧንቧውን አጭር አድርገው በማማው እግር ሥር ያንጠባጥቡታል። አንድ ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል። ቀይ አፈር ሌሊቱን ሲርስ አድሮ ይለሰልሳል፣ አንዱ እግር ይሰምጣል፣ ማማው ያዘነብላል። እዚያው ጥላ ሥር ደግሞ ልጆች ይጫወታሉ። ስለዚህ ቧንቧው እስከ ታች ይውረድና ከማማው ራቅ ብሎ በተቀመጠ በርሜል ውስጥ ይግባ። ሁለት መቶ ሊትር የሚይዘው በርሜል ይበቃል።

በርሜሉም የራሱ ሕግ አለው። ክዳን ይኑረው፤ ቧንቧው የሚገባበት ቀዳዳ ክፍተት አይኑረው። እሱም ሲሞላ የሚተነፍስበት፣ ከሚገባው ቧንቧ ያላነሰ፣ ወንፊት ያለው መውጫ ይኑረው፤ ከዚያም በቦይ ወደ እንሰቱ ወይም ወደ ጎመኑ ይሂድ። ውሃው ለልብስና ለአትክልት እንጂ ለመጠጥ አይሁን። በሳምንት አንድ ቀን በርሜሉን ባዶ አድርጋችሁ ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጉት። ማፍሰስ ብቻውን አይበቃም፤ የደንጊዋ ትንኝ እንቁላሏን ከውሃው ከፍ ብሎ ካለው ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች፣ እንቁላሉም ደርቆ ወራት ይቆያል። ሳምንት ያልኩትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሞቃት አየር ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ከሳምንት ትንሽ በላይ ብቻ ይበቃል።

ከታች ሰብስበው በፓምፕ ወደ ላይ ለሚመልሱ ቤተሰቦች አንድ ነገር ልጨምር። በመስታወት ሣጥን ጌጠኛ ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች ይህን ሥርዓት ጠንቅቀው ያውቁታል፤ የዓሣው ውሃ ሞልቶ በቧንቧ ወደ ታችኛው ሣጥን ይወርዳል፣ ተጣርቶ በፓምፕ ይመለሳል። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ ቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ ግን ወደ ታች መውረዱን ይቀጥላል። ስለዚህ ታችኛውን እስከ አፉ አይሞሉትም። እናንተም ለመብራት መጥፋት የሚሆን ባዶ ቦታ ተዉለት።

ዓሣን ካነሳን፣ አሰብ የኢትዮጵያ ወደብ በነበረችበት ዘመን የጤና ባለሙያዎች የአካባቢውን ትንሽ ዓሣ በጉድጓድና በማጠራቀሚያ ውሃ ውስጥ ጨምረው የትንኝ እጭ እንዲበላ አድርገው ነበር፤ እጩም ቀንሷል። መልካም ዘዴ ነው፤ ለመጠጥ ውሃችሁ ግን ክዳንና ወንፊት ይቀድማል።

በዚህ ቅዳሜ ሮቶው በሚሞላበት ሰዓት ወጥታችሁ ተመልከቱ። ትርፉ በመውጫው ይወርዳል ወይስ በክዳኑ ይገነፍላል? ወንፊቱ አለ? የማማው እግር ደረቅ ነው? በርሜሉ ውስጥ የሚወዛወዝ እጭ ይታያል? ከአራቱ አንዱ ካልተስተካከለ የቧንቧ ሠራተኛውን ለመጥራት ክረምቱን አትጠብቁ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ክዳንና አንድ ክንድ ወንፊት ከወባ መድኃኒትና ከወደቀ ማማ ይረክሳሉ።